መርፌው ሲፓፑን ይተካል? ስለ እንቅልፍ የትንፋሽ መቋረጥና ስለ ክብደት መቀነሻ መድኃኒት

የመነሻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ፤ የምጽፈው ከቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሌሊት ሲያንኮራፋ ቆይቶ ድንገት ጸጥ እንደሚል፣ ከዚያም እንደታነቀ ሰው አየር ስቦ እንደሚባንን ስነግረው፣ ድካም ነው እያለ ለዓመታት አሳለፈው። በመጨረሻ ለሥራው የጤና ምርመራ የሚያደርግለት ሐኪም የአንገቱን ውፍረትና የደም ግፊቱን አይቶ ወደ እንቅልፍ ምርመራ ላከው። ውጤቱም የእንቅልፍ የትንፋሽ መቋረጥ ሆኖ ከባድ በሚባለው ደረጃ ላይ ዋለ፤ ማለትም በአንድ ሰዓት እንቅልፍ ውስጥ ትንፋሹ 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ይቋረጣል ወይም በእጅጉ ይቀንሳል። አየር በግፊት ወደ ጉሮሮ የሚልከው ሲፓፕ የተባለው ማሽን ታዘዘለት። ጭምብሉ ግን ፊቱን ያሳክከዋል፣ አፉን ያደርቀዋል፤ ብዙ ጊዜም ጠዋት ሲነሣ አልጋው ሥር ወድቆ ይገኛል።

ሰሞኑን ከሥራ ባልደረቦቹ አዲስ ወሬ ይዞ መጣ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የሆነው ኤፍዲኤ፣ ዜፕባውንድ የተባለውን የክብደት መቀነሻ መርፌ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2024 ለዚሁ ሕመም መፍቀዱን እኔም አንብቤ አረጋግጫለሁ። እርሱ ከዚህ ተነሥቶ ማሽኑን መልሼ መርፌውን ልጀምር ይላል። ጥያቄዬ ሁለት ነው። መርፌው ማሽኑን ይተካል ወይ? የሚተካ ከሆነስ፣ ሰው ማሽኑን የሚተውበት ጊዜ መድረሱን በምን ያውቃል?

መልሶቹ

ጥያቄዬን ከለጠፍኩ ወዲህ መልሱ ስለበዛ፣ አዲስ የሚገቡ አንባቢዎች ከላይ እስከ ታች ለማንበብ እንዳይቸገሩ የተባለውን በየመልሱ ቁጥር በራሴ አነጋገር አሰፍራለሁ። የራሴንም አስተያየት ጣል ማድረጌ አልቀረም።

የመጀመሪያው መልስ ከአትላንታ የመጣ ሲሆን በደስታ የተሞላ ነበር። ጸሐፊው መርፌውን ወስዶ ክብደቱ እንደቀነሰ፣ ማንኮራፋቱ እንደጠፋ፣ ሌላ ክፍል ገብታ ትተኛ የነበረች ባለቤቱም ወደ መኝታ ቤታቸው እንደተመለሰች ይተርካል። ማሽኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል። ከሐኪሙ ጋር ስለመመካከሩ ያነሣው ነገር የለም፤ ባለቤቴ ግን እንደ እርሱ እንዲያደርግ በሙሉ ልብ ይመክራል። ቁጥር 2 እልልታና ምርቃት ብቻ ስለሆነ አሜን ብዬ አልፌዋለሁ።

ቁጥር 3 በሜሪላንድ የምትሠራ ፋርማሲስት እህታችን የጻፈችው ነው፤ ለውይይቱ መሠረት የጣለውም ይኸው ነው። መድኃኒቱ ቲርዜፓታይድ እንደሚባል፣ ለስኳር ሕመም ሲሸጥ ሞንጃሮ፣ ለክብደትና ለዚህ ሕመም ሲሸጥ ደግሞ ዜፕባውንድ እንደሚሰኝ አስረዳች። ፈቃዱ ለማንኛውም አንኮራፊ የተሰጠ አይደለም፤ መካከለኛ ወይም ከባድ የሆነ የትንፋሽ መቋረጥ ላለባቸውና ከልክ ያለፈ ውፍረት ላላቸው አዋቂዎች ነው፤ ያውም ከአመጋገብ ማስተካከያና ከአካል እንቅስቃሴ ጋር። በሳምንት አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ በ2.5 ሚሊግራም ተጀምሮ ቢያንስ በየአራት ሳምንቱ ቀስ በቀስ እየጨመረ ወደ 10 ወይም 15 ይደርሳል። ለፈቃዱ መነሻ የሆነው ጥናት በ2024 የታተመ ሲሆን 469 ሰዎችን በሁለት ምድብ ከፍሎ ለ52 ሳምንታት ተከታትሏል፤ በአንደኛው ምድብ ማሽን የማይጠቀሙ፣ በሁለተኛው ማሽኑን እየተጠቀሙ የቀጠሉ ነበሩ። ማሽን በማይጠቀሙት ዘንድ በሰዓት የሚቆጠረው መቋረጥ በአማካይ ከ51.5 ተነሥቶ መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ በ25.3 ሲቀንስ፣ ለማወዳደሪያ መድኃኒት የሌለበት ባዶ መርፌ በተወጉት ላይ የቀነሰው በ5.3 ብቻ ነው። በሁለተኛው ምድብ ደግሞ ቅነሳው 29.3 እና 5.5 ነበር። ክብደታቸውም እንደየምድቡ 18 እና 20 በመቶ ገደማ ወርዷል። ለዚህ ሕመም ከዚያ በፊት የተፈቀደ መድኃኒት ስላልነበረ፣ ዜናው የተጋነነ አይደለም ብላ ደመደመች።

በቁጥር 4 ከሚኒሶታ የጻፉት ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ይህንኑ ቁጥር ይዘው ተነሡ። 51.5 ላይ 25.3 ብንቀንስ የሚቀረው 26 ገደማ ነው፤ ከ15 እስከ 30 ያለው መካከለኛ ሕመም የሚባል ከሆነ፣ አማካዩ ታካሚ ከአንድ ዓመት መርፌ በኋላም ገና ታማሚ ነው ማለት ነው ብለው ጻፉ። እኔ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን መልስ ነው። ዜናውን ሁላችንም የሰማነው በግማሽ ቀነሰ ተብሎ ሲሆን፣ የቀረው ግማሽ ምን ያህል እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም። ጋሼ በዚህ ቢያበቁ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ወደ ቁጥር 1 ዞረው፣ በራሱ ላይ ያደረገው ድፍረት ለሌላ ሰው ምክር ሊሆን እንደማይገባ፣ የሹፌር ሕይወት ደግሞ የራሱ ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ላይ የሚገኝ ሰው ሁሉ ሕይወት እንደሆነ ጠንከር አድርገው ገሠጹት።

የአትላንታው ወንድማችን በቁጥር 5 ተቆጥቶ ተመለሰ። ስለ አማካይ እንጂ ስለ እርሱ ያልተጻፈ ጥናት ሊያስፈራው እንደማይችል፣ ማንኮራፋቱ መጥፋቱን የምትመሰክረው አጠገቡ የምትተኛው ባለቤቱ እንጂ ሚኒሶታ ያለ መምህር እንዳልሆነ መለሰ። ፋርማሲስቷ መካከል ገብታ ሁለቱም እውነት እንደያዙ ጻፈች። ሕመሙ የጠፋላቸው፣ ወይም ቀላል ደረጃ ላይ ደርሶ የቀን እንቅልፍ የማያስቸግራቸው የሆኑት በአንደኛው ምድብ 42 በመቶ፣ በሁለተኛው 50 በመቶ ያህል ናቸው፤ ስለዚህ የአትላንታው ሰው ከነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ማለት ግን ሆኗል ማለት እንዳልሆነ አከለችበት።

ቁጥር 7 በእንቅልፍ ምርመራ ክፍል ሌሊት ከሚሠራ ባለሙያ የመጣ ነው። ማንኮራፋት ድምፅ እንጂ መለኪያ አይደለም ይላል። ክብደት ሲቀንስ ድምፁ ቀድሞ ሊለዝብ፣ የትንፋሹ መቋረጥ ግን ሊቀጥል ይችላል፤ ጸጥታው ራሱ ጉሮሮው የተዘጋበት ቅጽበት ሊሆን የሚችልበትም ጊዜ አለ። በምርመራ ወቅት በአፍንጫ የሚገባውና የሚወጣው አየር፣ በደረትና በሆድ ላይ በሚታሰረው መቀነት የሚታወቀው የመተንፈስ ጥረት፣ በጣት ላይ በሚደረገው መቆንጠጫ የሚነበበው የደም ኦክስጅን አንድ ላይ ይታያሉ፤ ጠዋት ጥሩ ተኛሁ ብሎ የሚነሣ ሰው መዝገቡ ሲታይ ሌሊቱን ሲታገል ያደረ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ለእኔ ጥያቄ ዋናው መልስ ይመስለኛል። ማሽኑ የሚሠራው በተደረገበት ሌሊት ነው፤ ጉሮሮውን በአየር ግፊት ከፍቶ ይይዛል፣ ሲወልቅ ግን ጥቅሙ ያበቃል። መርፌው ደግሞ መነሻ ምክንያቱን የሚነካው ቀስ ብሎ፣ በወራት ነው። ስለዚህ መርፌውን የጀመረ ከባድ ታማሚ ማሽኑን በዚያው ሳምንት ቢመልስ፣ አንደኛው ሳይደርስ ሌላውን ጥሎ በመካከል ያለ ምንም ሕክምና ይቀራል።

ቁጥር 8 ከዴንቨር የጻፈች ቀጭን ሴት ናት፤ ሕመሙ ከውፍረት ጋር ብቻ እየተያያዘ መነገሩ ሰልችቷታል። የእርሷ ችግር ወደ ኋላ የገባ አገጭና ጠባብ ጉሮሮ እንደሆነ ስለተነገራት ይህ መርፌ አይመለከታትም፤ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚይዝ፣ በጥርስ ሐኪም የሚሠራ የአፍ መሣሪያ ትጠቀማለች። የሌሊቱ ባለሙያ ትክክል መሆኗን አረጋግጦ፣ ክብደት ጉሮሮን እንዴት እንደሚያጠብ ለሚጠይቁ አንድ ግሩም ነገር ጨመረላቸው። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባሳተሙት ጥናት 67 ሰዎችን ክብደት ከመቀነሳቸው በፊትና በኋላ በኤምአርአይ አንሥተው ሲያወዳድሩ፣ ለሕመሙ መሻል ከሁሉ የበለጠ ድርሻ ያለው የምላስ ስብ መቀነስ ሆኖ አገኙት። ምላስ ይወፍራል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን ማን ነበር? ባለቤቴ ይህን ሳነብለት ምላሱን አውጥቶ በመስተዋት ሲመለከት ያዝኩት።

ከቁጥር 10 እስከ 13 ያለው ስለ ሹፌሮች ነው፤ እኛን በቀጥታ ስለሚነካ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ። ከቴክሳስ የሚነዳ ወንድማችን እንዳብራራው፣ ለንግድ መንጃ የጤና ካርድ ስለዚህ ሕመም ብቻ የወጣ የፌደራል ደንብ የለም፤ እንዲህ ያለ ደንብ ለማውጣት ተጀምሮ የነበረው ሒደት በ2017 ተቋርጧል። መርማሪው ሐኪም ግን ማሽከርከርን ሊያስተጓጉል የሚችል የመተንፈሻ ችግር ያለበትን ሰው ላለማሳለፍ የሚያስችል አጠቃላይ አንቀጽ ስላለ፣ ውሳኔው በእጁ ነው። በተለምዶ የሚጠየቀው የማሽኑ መዝገብ ሲሆን፣ የሚፈለገውም ከሌሊቶቹ በ70 በመቶው ቢያንስ ለ4 ሰዓት መጠቀምን የሚያሳይ ነው። ማሽኑ ይህን በራሱ ይመዘግባል። መርፌ ግን መወጋትህን እንጂ ትናንት ሌሊት መተንፈስህን አይመዘግብም፤ ስለዚህ መርፌ ጀምሬያለሁ ብሎ ያለ አዲስ የእንቅልፍ ምርመራ የሚሄድ ሹፌር ካርዱ ሊያዝበት እንደሚችል አስጠነቀቀ።

በቁጥር 11 አንድ ወጣት ይህ ሁሉ የማሽን አምራቾችና የመንግሥት ሽርክና ነው፣ ስደተኛን ከመሪው ላይ ለማውረድ የተፈለገ ሰበብ ነው ሲል ጻፈ። አምራቾችን ለማመን ለምን እንደሚከብደውም ማስረጃ አቀረበ፤ ፊሊፕስ በጁን 2021 በርካታ ማሽኖቹን በውስጣቸው ያለው የድምፅ ማፈኛ ስፖንጅ እየተፈረፈረ ወደ አየር መተላለፊያው ሊገባ ይችላል በሚል ከገበያ መሰብሰቡ እውነት ነው። ነገሩ እውነት ቢሆንም ከዚያ ወደ ደረሰበት መደምደሚያ የሚወስድ መንገድ ግን አልታየኝም። የቴክሳሱ ሹፌር በቁጥር 12 የመለሰለት በትዕግሥት ነበር። ማሽን ከመጀመሩ በፊት በኦክላሆማ አውራ ጎዳና ላይ መሪ እንደያዘ አሸልቦ፣ የቀሰቀሰው የመንገዱ ዳር ሸካራ መሥመር ጎማውን ሲያንቀጠቅጠው የተሰማው ድምፅ እንደሆነ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሽርክና ለማሰብ ጊዜ እንዳላገኘ ጻፈ። ወጣቱ አልተመለሰም። ቁጥር 13 ጭምብል ላስቸገረው ሰው የሚሆን ምክር ነው። ፊትን ሁሉ ከሚሸፍነው ይልቅ አፍንጫ ቀዳዳ ላይ ብቻ የሚቀመጠውን ዓይነት መሞከር፣ የአየሩን እርጥበት መጨመር፣ ከመተኛት በፊት ቴሌቪዥን እያዩ ለጥቂት ጊዜ አድርጎ መለማመድ። ባለቤቴ ማሽኑን ከመጥላቱ በፊት ይህን የነገረው ሰው አልነበረም።

ቁጥር 14 ከሲያትል ናት። ዐቢይ ጾምን እንደ ልማዷ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እህል ሳትቀምስ ቆይታ አንድ ጊዜ ጠግባ ስትበላ፣ በመርፌው ምክንያት ሆዷ ምግቡን አልቀበል ብሎ ሌሊቱን ስታስመልስ እንዳደረች ጻፈች። ከዚህ በኋላ ውይይቱ መሥመር ሳተ። አንዱ መርፌ ጾም ይገድላል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሌላዋ እናት በሕክምና ሰበብ ጾም የሚያላሉትን ወቀሱ፤ ሦስተኛው ደግሞ የኛ ሰው የሚወፍረው በጾሙ ሳይሆን በፍስኩ ነው ሲል ማንም ያልጠየቀውን መለሰ። በቁጥር 18 አንዲት ነርስ ነገሩን ወደ ቦታው መለሰችው። መድኃኒቱ የጨጓራን ባዶ መሆን ስለሚያዘገይ ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ መብላት ማቅለሽለሽን ያባብሳል፤ ጥቂት ጥቂት መብላት ይሻላል። ከሚቀንሰው ክብደት ውስጥ ሩብ ያህሉ ጡንቻን ጨምሮ ስብ ያልሆነ የሰውነት ክፍል በመሆኑ፣ ሥጋና ወተት በሌለበት ወቅት ሽሮን፣ ምስርን፣ ባቄላንና ሽምብራን ማጠናከርና ሰውነትን ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ተቅማጥና ማስመለስ ባለበት ውኃ ሳይጠጡ መዋል ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። የጾሙን ጉዳይ ለንስሐ አባት፣ የመጠኑን ጉዳይ ለሐኪም አቅርቡ፣ ሁለቱንም ለዚህ መድረክ አታቅርቡ ስትል ጨረሰች። ትንሽ ብትቆጣም ፍርዷ ትክክል ነው።

ቁጥር 19 ከአዲስ አበባ የጻፈ ሐኪም ነው፤ ስለ አሜሪካ ኢንሹራንስ ስንጨቃጨቅ ማየቱ እንደ ቅንጦት ሆኖበታል። እርሱ የሚያያቸው ታካሚዎች አብዛኞቹ ምርመራውንም አያገኙትም፤ ማሽን ያላቸውም ከውጭ በዘመድ የተላከላቸው ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪ የሌለው ሰው ማሽኑ አጠገቡ እያለ ያለ ሕክምና ያድራል። መርፌውም ቢገኝ ዋጋውና ማቀዝቀዣው ሌላ ጣጣ ነው። እርሱ የሚሰጠው ምክር ያረጀ ቢሆንም የሚሠራ ነው፤ በጎን መተኛት፣ ከመኝታ በፊት ድራፍትም ጠጅም አለመጠጣት፣ ክብደት መቀነስ። አሜሪካ ውስጥ ዊስኮንሲን ላይ ለዓመታት በተደረገና በ2000 በታተመ ክትትል፣ ክብደቱ በ10 በመቶ የቀነሰ ሰው የትንፋሽ መቋረጡ በ26 በመቶ እንደሚቀንስ፣ በ10 በመቶ የጨመረ ደግሞ በ32 በመቶ እንደሚብስበት መገመቱን ጠቀሰ። መርፌ በሌለበትም እንኳ ክብደት መቀነስ ሕክምና መሆኑን ለማስታወስ ነው። ለክረምት ወደ አገር ቤት የሚሄዱ ሰዎች ስለ መርፌው አያያዝ ሲጠይቁ፣ ፋርማሲስቷ ዜፕባውንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ እንዳለበት፣ ከማቀዝቀዣ ውጭ ግን ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ባልበለጠ ሙቀት እስከ 21 ቀን ሊቆይ እንደሚችል መለሰች። በበጋ ፀሐይ የቆመ የጭነት መኪና ጋቢና ከዚህ በላይ እንደሚሞቅ ባለቤቴ አስታውሶኛል።

ኦዜምፒክ ስለተባለው ሌላ መርፌ የጠየቁ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ባጭሩ የተሰጣቸው መልስ፣ ኦዜምፒክም ሆነ ከዚያው መድኃኒት የሚሠራው ዌጎቪ ክብደት ቢቀንሱም ለእንቅልፍ የትንፋሽ መቋረጥ የተፈቀደው ቲርዜፓታይድ ብቻ ነው የሚል ነው። ከዚህ በፊት በ2016 በታተመ ጥናት ሊራግሉታይድ የተባለው በዕድሜ ቀደም ያለ መርፌ በ32 ሳምንታት ውስጥ መቋረጡን በሰዓት በ12 ቀንሶት ነበር፤ ክብደቱን የቀነሰው ግን 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የሁለቱን ንጽጽር ያዩት መምህሩ፣ ብዙ ክብደት የቀነሰ ብዙ ይሻለዋል የሚለው ግምት በቁጥሩም እንደሚታይ አስተዋሉ። በዚህ መካከል አንድ ሰው ርካሽ ቲርዜፓታይድ በስልክ እንደሚሸጥ ጽፎ ነበር፤ የመድረኩ ኃላፊዎች መልእክቱን አንሥተውታል፤ ደግ አደረጉ።

በቁጥር 24 ኢንሹራንስ ተነሣ። አንዲት እናት ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ ክብደት ለመቀነስ ብቻ ለሚወሰድ መድኃኒት እንደማይከፍል ተነግሯቸው ተስፋ ቆርጠው ነበር። ፋርማሲስቷ እንዳስረዳችው፣ ኤፍዲኤ ለዚህ ሕመም ከፈቀደው ወዲህ፣ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የሜዲኬር የመድኃኒት ዕቅዶች ምክንያቱ የትንፋሽ መቋረጥ ከሆነ ሊሸፍኑት ይችላሉ። ሊሸፍኑ ይችላሉ እንጂ ይገደዳሉ አላለችም። የእንቅልፍ ምርመራው ውጤት፣ የክብደትና የቁመት ልኬት፣ የሐኪሙ ማብራሪያ አብሮ መላክ ይኖርበታል። በአሜሪካ ይፋ የሆነው የመደብር ዋጋ በወር ከ1,000 ዶላር በላይ ስለነበረ፣ ያለ ሽፋን የሚሞክረው ሰው እስከ መቼ እንደሚከፍል አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

እስከ መቼ የሚለው ቃል ቁጥር 25ን ወለደ። የአትላንታው ሰው በለሰለሰ ድምፅ ተመልሶ፣ ክብደቱ የሚፈልገው ላይ ከደረሰ በኋላ መርፌውን ቢያቆም ምን እንደሚሆን ጠየቀ። ነርሷ የመለሰችለት ሌላ ጥናት ጠቅሳ ነው። ለ36 ሳምንታት ቲርዜፓታይድ ወስደው ብዙ ክብደት ከቀነሱ ሰዎች ውስጥ ወደ ባዶ መርፌ የተዛወሩት በቀጣዩ አንድ ዓመት ክብደታቸው መልሶ በ14 በመቶ ሲጨምር፣ መድኃኒቱን የቀጠሉት ግን ተጨማሪ 5.5 በመቶ ቀንሰዋል። ክብደቱ ከተመለሰ የምላሱ ስብና የጉሮሮው መጥበብ የማይመለስበት ምክንያት የለም። እንግዲህ ማሽኑን የተጸየፈ ሰው ዕድሜ ልክ የሚቆይ መርፌ እየመረጠ እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ ሁለቱም የረጅም ጊዜ ባልንጀሮች ናቸው።

በቁጥር 26 ያው ነርስ ለማን እንደማይሆን ጻፈች። በራሱ ወይም በቤተሰቡ ሜዱላሪ የተባለው የታይሮይድ ካንሰር የታየበት ሰው መውሰድ የለበትም፤ የቆሽት (የፓንክሪያስ) ወይም የሐሞት ከረጢት ሕመም የነበረበት ለሐኪሙ መንገር ይገባዋል። የእርግዝና መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴት፣ ክኒኑ በሚገባ ላይሠራ ስለሚችል፣ መድኃኒቱን ስትጀምርና መጠኑ በጨመረ ቁጥር ለአራት ሳምንት ሌላ መከላከያ መጨመር ይኖርባታል። በማደንዘዣ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ያለበት ሰውም መርፌውን እንደሚወስድ አስቀድሞ ይናገር፤ ጨጓራው ባዶ ላይሆን ይችላልና። የትንፋሽ መቋረጥ ያለበት ደግሞ ይህንንም አብሮ ይናገር።

ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ጊዜው መድረሱ በምን ይታወቃል የሚለው፣ በቁጥር 27 መልስ አገኘ። የሌሊቱ ባለሙያ እንደጻፈው ሚዛንም፣ ሚስትም፣ የጠዋት ስሜትም አይበቁም፤ ክብደቱ ከወረደና ከረጋ በኋላ የእንቅልፍ ምርመራው ይደገማል። ምርመራው ማሽን ሳይደረግ መሆን ስላለበት፣ በጥናቱ ውስጥ ማሽን ተጠቃሚዎቹ ከመለካታቸው በፊት ለ7 ቀን እንዲያቆሙ ተደርጓል። እንዲህ ያለው ማቆም ግን በሐኪም ትእዛዝ ይሁን፤ ሹፌር የሆነ ሰው ደግሞ በእነዚያ ቀናት መሪ ባይነካ ይመረጣል። ውጤቱ በሰዓት ከ5 መቋረጥ በታች ከሆነ ማሽኑን ስለመተው መነጋገር ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነም ማሽኑ የሚሰጠው ግፊት ሊቀነስ፣ ለመልመድም ሊቀል ይችላል። ማሽኑን እስከ መጨረሻ መተው ብቻ አይደለም ድል፤ በአነስተኛ ግፊት ተመችቶ መተኛትም አንድ ትርፍ ነው ይላል። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ባለቤቴን ከሁሉ ይበልጥ አሳምኖታል፤ መርፌውን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ለመጀመር፣ ማሽኑንም በአዲሱ የአፍንጫ ጭምብል ለመቀጠል ተስማምቷል።

ውይይቱ ያበቃ ሲመስለኝ መምህሩ በቁጥር 28 አንድ ጥያቄ ጥለው ሄዱ። ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ሕመሙ መካከለኛ ወይም ከባድ ስለሆነ ነው፤ ምርመራው ተደግሞ ሕመሙ ቀላል ሆኖ ቢገኝ፣ ከፋዩ ድርጅት ታካሚው ድኗል ብሎ መድኃኒቱን ቢያቋርጥስ? መድኃኒቱ ሲቋረጥ ክብደቱ ይመለሳል፣ ክብደቱ ሲመለስ ሕመሙ ይመለሳል፣ ያኔ እንደገና ብቁ ይሆናል ማለት ነው። ፋርማሲስቷ ይህ ከዕቅድ ዕቅድ እንደሚለያይ፣ አንዳንዶቹ ለማሳደስ የሚጠይቁት ክብደቱ መቀነሱንና ሕመሙ መሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ እንደሆነ መለሰች፤ ስለዚህ የማሳደሻው ውል የመጀመሪያው መርፌ ከመወጋቱ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። እኛ ለኢንሹራንሳችን ጥያቄውን በደብዳቤ አቅርበናል፤ መልሱ ሲመጣ በቁጥር 30 እለጥፈዋለሁ፤ 29ኙ አሁንም ስለ ጾም ነው።